በርካሽ «ሙሉ ክትባት» እንሰጣለን ለሚሏችሁ በር አትክፈቱ፤ እኔ ከፍቼ ሁለቴ ከፍያለሁ

ቡችላ የያዛችሁ ወይም ልትይዙ ያሰባችሁ ይህን አንብቡልኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት በንዴት ነበር። ንዴቴ ሲበርድ ስድቡን አወጣሁትና የሚጠቅማችሁን አስቀረሁ።

ቡቺን ቤት ያመጣኋት በ7 ሳምንቷ ነው። ክሊኒክ ደውዬ ስለ ክትባት ስጠይቅ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መመላለስ እንዳለብኝና በየጊዜው የምርመራም እንደምከፍል ነገሩኝ። እፍኝ ለማትሞላ ቡችላ ይሄ ሁሉ ወጪ? አልኩ በሆዴ። በዚያው ሰሞን አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። ሙሉ ክትባት በአንድ ቀን። ከነካርዱ።» ዋጋው ክሊኒኩ ከነገረኝ ሲሶውን አይሞላም። ደወልኩ።

ሰውየው በሰዓቱ መጣ። ትሁት ነው፣ ቡቺንም ትንሽ አጫወታት። ከጃኬቱ ኪስ ብልቃጥ አወጣ፣ በጠበጠ፣ ወጋት። ካርድ ሞልቶ ፈርሞ ሰጠኝ። አስር ደቂቃም አልፈጀበት። «በቃ፣ እስከ ዓመቷ ሌላ አያስፈልጋትም» ብሎኝ ሄደ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ቡቺ ምግብ እምቢ አለች። በማግስቱ ማስመለስ ጀመራት፣ ሌሊቱን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ። ያንን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ሲነጋ ተሸክሜያት ክሊኒክ ሮጥኩ። ከሰገራዋ ወስደው በፈጣን መመርመሪያ አዩት፤ ፓርቮ ነው፤ የቡችሎችን አንጀት የሚያጠቃ ገዳይ ቫይረስ።

«ዶክተር፣ ተከትባለች እኮ!» አልኩ ካርዱን እየዘረጋሁ።

ሐኪሟ ካርዱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ መስመር ላይ ቆመች። «የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ በ7 ሳምንቷ?» ያ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሳምንት ጀምሮ ነው የሚሰጠው። ሰውየው ካርዱን ለማሳመር ያልወጋትን ሁሉ ሞልቶታል። «ስቲከሩስ የታለ?» አለችኝ ቀጥላ። ምን ስቲከር?

ያን ቀን የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። አብዛኛው የክትባት ብልቃጥ ላይ ተልጦ ካርዱ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለ። የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ተጽፎበታል። የእኔ ካርድ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ማንም ይጽፋል።

ሁለተኛው የኪሱ ጉዳይ ነው። ክትባት ከፋብሪካ ወጥቶ እስኪወጋ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መሞቅ ብቻ አይደለም፣ በረዶ መሆንም ያበላሸዋል። ክፉነቱ፣ ኃይሉን ያጣ ክትባት ከደህናው በመልክ አይለይም። ብልቃጡ ያው ነው፣ መርፌው ያው ነው፣ ቡችላዋም ያው ትጮኻለች። ልዩነቱ የሚታወቀው በሽታው ሲመጣ ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ደህና ክትባት ሰጥቷት ቢሆን እንኳ «ሙሉ ክትባት በአንድ ቀን» የሚባል ነገር ለ7 ሳምንት ቡችላ የለም። ቡችላ ከእናቷ የመጀመሪያ ወተት የምታገኘው መከላከያ አለ። ለተወሰኑ ሳምንታት ይጠብቃታል። ግን ያው መከላከያ ክትባቱንም እንደ ጠላት ቆጥሮ ያከሽፈዋል። መቼ ከሰውነቷ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዷ በ8 ሳምንቷ፣ ሌላዋ በ14። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላት ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ድግግሞሹ የክሊኒክ ገንዘብ መልቀሚያ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእናቷ መከላከያ አልቆ ክትባቱ የሚሠራበት ሳምንት ስለማይታወቅ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት «የኔንም ሁለቱን ከአንድ ብልቃጥ አካፍሎ ነው የወጋቸው፤ ትንንሽ ስለሆኑ ግማሽ ይበቃቸዋል አለኝ» አለችኝ። ዋጋው የረከሰበት ምስጢር አንዱ ይኸው! የክትባት መጠን እንደ ትል መድኃኒት በኪሎ አይሰፈርም። በኪስ የምትያዝ ውሻም ጥጃ የምታህል ውሻም የሚወስዱት አንድ ሙሉ መጠን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቡቺ ስድስት ሌሊት ተኛች። በሽታው ተላላፊ ስለሆነ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ቫይረሱን እንዲህ ነቅሎ የሚያወጣ ተራ ኪኒን የለም፤ የሚደረገው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ማስመለሱን ማቆም፣ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይጨመር ፀረ ባክቴሪያ መስጠት፣ ሌት ተቀን መከታተል ነው። ካልታከሙት አብዛኞቹ ቡችሎች ይሞታሉ። የአንዱን ቀን ሂሳብ ስቀበል፣ ውድ ነው ብዬ የሸሸሁትን ክትባት ሦስቱንም ዙር ከፍሎ መልስ የሚያስተርፍ ሆኖ አገኘሁት። የአንዱን ቀን ነው የምላችሁ። ስድስት ቀን ነው የተኛችው።

በዚህም አላበቃም። የፓርቮ ቫይረስ በተመቸው ቦታ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ብዙ የወለል ማጽጃም አይነካውም። የሚገድለው ተራው በረኪና ነው፣ 1 እጅ በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ አስር ደቂቃ ረጥቦ ሲቆይ። ምንጣፍ ላይ በረኪና አይፈስም። ምንጣፌን ጣልኩት፣ መኝታዋንም፣ መጫወቻዎቿንም። ከሥራ የቀረሁባቸውን ቀናት አልቆጥርም። ከዳነች በኋላ ደግሞ ክትባቱን እንደገና ከሀ ጀመርን፤ ምክንያቱም ከፓርቮ መዳኗ ከዲስቴምፐርም (ሌላ ገዳይ የውሻ ቫይረስ ነው) ከእብድ ውሻ በሽታም አያድናትም። ሁለቴ ከፈልኩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በደንብ ከተቆጠረ እንኳ ሦስቴ ነው።

ለሰውየው ደወልኩለት። «ቀድሞ ይዟት ነበር ማለት ነው» አለኝ፣ ያለ ምንም ድንጋጤ። ፓርቮ ከተያዘ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ባብዛኛው ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ነው። እሷ ግን የታመመችው ከተወጋች በአራተኛው ሳምንት ነው። ይህን ስነግረው ስልኩ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እኔም ብዙ ጮህኩ።

እናንተ ቀድማችሁ ጩኹ። የሚከትበው ሰው ፈቃድ ያለው የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ጠይቁ። ቤት የሚመጣ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፣ ቤት ለቤት የሚሠሩ ጨዋ ሐኪሞች አሉ። እነሱ ግን የሚመጡት በቀዝቃዛ ሳጥን ነው፣ ብልቃጡን ሳይከፍቱ ያሳዩዋችኋል፣ ስቲከሩን ዓይናችሁ እያየ ይለጥፋሉ። ከመውጋታቸው በፊትም ሙቀቷን ይለካሉ፣ ልቧን ያዳምጣሉ፤ የታመመች ቡችላ ክትባቷ ይቆያል እንጂ አትወጋም። ብልቃጡን አሳየኝ ስትሉት ፊቱ ከተቀያየረ ሸኙት። ቡችላዋን «ተከትባለች» ብሎ የሚሸጥላችሁም ቢሆን ያው ነው፤ ካርድ ሳይሆን ስቲከር ቁጠሩ።

ድመት ያላችሁ ደግሞ ሌላ የርካሽ ወጥመድ አለባችሁ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ጠብታ ገዝቶ ለድመት ማካፈል። ብዙዎቹ ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መግደያ አለ፤ ውሻ ይችለዋል፣ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። የአንድ ጠብታ ዋጋ ለማትረፍ ብላችሁ አትሞክሩት።

ዓመቱን ሙሉ በቅድሚያ የሚከፈልባቸው «የጤና ጥቅል» የሚባሉትንም ሳላነሳ አልለፍ። መጥፎ አይደሉም። ግን ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ደምሩት። ለአዋቂ ውሻ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት በየዓመቱ የሚያስከፍል ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የቡችላነቱ ዙርና እስከ ዓመቷ ባለው ጊዜ የሚሰጠው ማጠናከሪያ ከተሟላ፣ እነዚህ በየ3 ዓመቱ ይበቃሉ ነው የባለሙያዎች መመሪያ የሚለው። እንደ ሌፕቶስፓይራ (በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ) ያለው ክትባት ግን በየዓመቱ ይደገማል። የእብድ ውሻው እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደየአገሩ ሕግ ነው።

መቆጠብ ከፈለጋችሁ መቆጠቢያ ሞልቷል። ጥርሷን ቤት ቦርሹ፤ በሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም፣ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው። ምግቧን መጥኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል፤ ከወንድምና እህቶቻቸው በሩብ ያነሰ የበሉት በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨመሩ፣ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘገየ። ምግብ ቀንሶ ሐኪም መቀነስ ማለት ይሄ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ባለው ይሠራል፤ ቅጠሉ የውሸት ሲሆን ግን ቃጠሎው አይቀርም።

ማስታወቂያው አሁንም አለ። ስሙን ቀይሯል፣ ስልኩንም። ፎቶው ላይ ያለችው አንድ ጆሮዋ ነጭ የሆነ ቡችላ ግን ያችው ናት። ቡቺ ድናለች፣ ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ጫማዬን እያኘከች ነው። አዲሱ ካርዷ ላይ ሁለት ስቲከር አለ። ሦስተኛው ሐሙስ ይለጠፋል።