የኮምፒውተር ፋን፦ በባዮስ ወይስ በሶፍትዌር?

ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ፋኑ እምብዛም የማይሰማ ኮምፒውተር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይጮሃል። ቆላ ነዋ! ፍጥነቱን ግን በሁለት መንገድ ማስተካከል ይቻላል።

አንዱ ባዮስ ነው፤ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭናችሁ ትገባላችሁ። ለምሳሌ የፕሮሰሰሩ ሙቀት እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ፋኑ በ30 በመቶ ይዙር፣ 75 ሲደርስ በሙሉ ኃይሉ ይሂድ ብላችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ቢበላሽም ቢቀየርም ይሠራል። ለኢንተርኔት ቤትና ለቢሮ ከዚህ ሌላ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሌላው እንደ ፋንኮንትሮል ያለ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ትልቁ ጥቅሙ የኬዙን ፋን ከግራፊክስ ካርዱ ሙቀት ጋር ማያያዙ ነው፤ አብዛኛው ባዮስ ይህን አይችልም። የሠርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር ግራፊክስ ካርዱ ለሚግልበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ቺፕ ካላወቀው ዋጋ የለውም። የድሮው ስፒድፋን አዳዲስ ቦርዶች ላይ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ባዮስ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በፋኑ ገመድ ጫፍ ያለውን ሶኬት እዩ። ባለ 4 ፒን ከሆነ ባዮስ ውስጥ ፒደብሊውኤም (PWM፣ ፍጥነቱን በሲግናል የሚቆጣጠር)፣ ባለ 3 ከሆነ ዲሲ (DC፣ በቮልቴጅ የሚቆጣጠር) ምረጡ። ባለ 3ቱን ፒደብሊውኤም ላይ ከተዋችሁት ሁሌም በሙሉ ፍጥነት ይዞራል።