ቢድ ብላስት በቃሊቲ ዳርቻ፦ ድብዝዙ ገጽ ያምራል፣ እጥበቱ ግን የባለ ዕቃው ሆኗል

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መስመር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ይህ የሳንድብላስት (በአየር ግፊት አሸዋ እየረጩ ገጽ የማጽዳት) ወርክሾፕ እንጀራው የጭነት መኪና ቸርኬ፣ ሻንሲና የግቢ በር ነው። ቮልስና የድሮ ሞተር ሳይክል የሚያድሱ ሰዎች የሚመጡት ግን ጥጉ ላይ ለቆመችው ትንሽ ካቢኔት ነው። ጓንት የተሰፋላት፣ በመስኮቷ እያዩ የሚሠሩባት፣ ውስጧ የብርጭቆ ዶቃ የሚረጭባት ሳጥን ናት። ሠራተኞቹ ዶቃውን «ቢድ»፣ ሥራውን «ቢድ ብላስት» ይሉታል።

አሸዋ ብረቱን ይቆርጣል፣ ዶቃ ይቀጠቅጣል። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዶቃው ክብ ስለሆነ ገጹን አይፍቀውም፤ ጥቃቅን ጎድጓዳ እያበጀ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ዐይን የሚያየውም ለስላሳ፣ ድብዝዝ፣ ብርማ ቀለም ነው። ለካርቡራቶር አካል፣ ለቴስታታ (ለሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውጫዊ ገጽና ለአሉሚኒየም ክዳን የሚፈለገው ይኸው ነው። ሥር የሰደደ ዝገትን ወይም ክሮምን ያነሣልኛል ብሎ የሚመጣ ግን ገንዘቡን አባክኖ ይመለሳል። ሥራ ሲበዛ «ውጭ በአሸዋ እናፍጥነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለአሉሚኒየም ዕቃ እንቢ ማለት ነው፤ ገጹ እንደ ሞረድ ሻክሮ ይወጣል፣ ከዚያም ዘይትና አቧራ ይዞ አይለቅም። (አሸዋ የሚረጨው ልጅ አፍንጫውን በጨርቅ ብቻ መሸፈኑ የሚያስቀይም ነገር ነው። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ላይ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ መድኃኒት የለውም፤ ጨርቅም አያስቆመውም።)

የወርክሾፑ ዋና ብልጫ አየሩ ነው። ሁለትና ሦስት የፈረስ ጉልበት ባለው የጎሚስታ (የጎማ ጠጋኝ) ኮምፕረሰር ቢድ ብላስት እንሠራለን የሚሉ ቦታዎች አሉ፤ ዶቃ የሚረጨው ሽጉጥ አንድ ደቂቃ ነፍቶ ይደክማል፣ ገጹም ዥንጉርጉር ይሆናል። ባለ 6 ሚሊሜትር የሽጉጥ አፍንጫ ቢያንስ በደቂቃ 500 ሊትር አየር ይጠጣል። በዚያ ላይ ቃሊቲና አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚሉ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ቁጥር እዚህ አይገኝም ማለት ነው፤ ኮምፕረሰር ሲመረጥ ይህን ጨምሮ ማሰብ ይገባል። እዚህ ያለው ትልቁ ኮምፕረሰር ሳያቋርጥ ይነፋል። ከአየሩ ውኃ የሚለየው ማጣሪያ ግን አንድ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ዶቃውን እያጓጎለ ቱቦውን ይዘጋዋል፤ ሠራተኛው ካቢኔቷን በቡጢ ሲደልቃት ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። በኮምፕረሰሩ ታንከር የተጠራቀመውን ውኃ ጠዋት ጠዋት ማፍሰስ ግማሹን ችግር በፈታ ነበር።

ግፊቱን ያውቁበታል። ለአሉሚኒየም 3 ባር ገደማ፣ ለብረት ከ4 እስከ 5 ባር፤ አፍንጫው ከዕቃው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አጋደል ብሎ። ግፊት ሲበዛ ዶቃው ይሰባበራል፣ ስብርባሪውም እንደ አሸዋ መቁረጥ ይጀምራል፤ የጠቆረና የሻከረ ገጽ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የሚጠቀሙት ዶቃ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ነው፣ ለሞተር ዕቃ ጥሩ ልክ። ከማስረከብዎ በፊት ቆንጥረው መዳፍዎ ላይ ያድርጉና በአጉሊ መነጽር ይዩት። ክብ ክብ ከሆነ ይሥሩልዎ፤ ስለት ስለት የሚመስለው ከበዛ ግን አዲስ ከረጢት እንዲከፍቱ ይጠይቁ። ሌላው መጠየቅ ያለበት ከእርስዎ በፊት የዛገ ብረት ተሠርቶበት እንደሆነ ነው። የብረት ብናኝ አሉሚኒየም ላይ ተሰክቶ ይቀርና ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ዕቃው ቅባት ይዞ ከገባ ዶቃውን በሙሉ ያበላሻል፤ ስለዚህ ቤት በናፍታ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በኦሞ ታጥቦ፣ ደርቆ ይምጣ። መሸፈኑንም ለእነሱ አይተዉት። እነሱ የሚለጥፉት የቀለም ቀቢ የወረቀት ቴፕ ሁለት ደቂቃ አይቆይም። ጥርስ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ አሮጌ ብሎን አስገብተው ያጥብቁበት፤ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትንና ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያርፍበትን ገጽ በወፍራም የፕላስቲክ ቴፕ ሁለት ዙር ይሸፍኑ። የካርቡራቶር ጂግለሮች (ነዳጅ የሚያልፍባቸው ባለ ቀጭን ቀዳዳ ብሎኖች) ይውጡ። የቮልስን የሞተር አካል ግን ጨርሶ አያምጡ፤ ማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ብናኙም ብልጭታ ካገኘ ይነድዳል።

አሁን ወደ ቅሬታው። ዕቃው ሲያልቅ በአየር ነፋ ነፋ ተደርጎ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል። በቃ። ክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ከሚዞርበት ሜታል ጋር ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር ያንሳል፤ በዘይት መንገድ ውስጥ የተደበቀ አንድ ዶቃ ከዚያ ይወፍራል። እጅግ ያማረ ሞተር ተገጥሞ ብዙም ሳይሄድ የሚበላው በዚህ ነው። የዘይት መንገድ መዝጊያዎች መውጣት አለባቸው፤ በጠርሙስ ብሩሽ፣ በፈላ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ በየመሃሉ በአየር መንፋት፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፎ ማየት። ጨርቁ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ እንደገና። ለዚህ ተጨማሪ ሒሳብ ቢጠይቁ ማንም በደስታ ይከፍል ነበር፤ አገልግሎቱ ግን የለም።

የብረት ዕቃ ከካቢኔት ሲወጣ ራቁቱን ነው። ባዶ እጅ የነካው ቦታ በማግስቱ የጣት አሻራ ይዞ ይዝጋል፤ በዝናብ ወቅት ማግስትም አይጠብቅም። ጓንት፣ ዘይት የነካ ጨርቅና ላስቲክ ይዞ መሄድ፣ ቀለሙንም በዚያው ቀን መቀባት ያስፈልጋል።

ጠመንጃ ሠሪዎችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል፤ አፈሙዙ በዶቃ ከደበዘዘ በኋላ በኬሚካል ሲጠቁር ፀሐይ የማያንጸባርቅ ጥቁር ይወጣዋል። ወርክሾፑ ግን የጦር መሣሪያ አካል አይቀበልም፤ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ በመሆኑ ልክ አድርገዋል።

ሒሳቡ በዕቃ እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ቴስታታ ብቻውን ከማምጣት ክዳኑን፣ ካርቡራቶሩንና ቅንፎቹን አንድ ላይ አምጥቶ በጅምላ መነጋገር ይሻላል። መጀመሪያ ከማይታየው ትንሽ ቅንፍ እንዲጀምሩ አድርገው ገጹን ካዩ በኋላ የቀረውን ያስረክቡ።