ለራስ የሚታመን፣ ለእጅ የማይታመን ሱቅ

ሥራዬ መድኃኒት በሞተር ለፋርማሲዎች ማድረስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሜክሲኮ፣ በለገሃርና በአራት ኪሎ መካከል እመላለሳለሁ። የሄልሜቴ ማሰሪያ ሳስቶ ሊበጠስ ስለደረሰ፣ ሌላ ፍለጋ ሶማሌ ተራ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ዋጋ ብጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡ። ከቅንድቤ በላይ አዙረው ለኩና «ልጄ፣ ሹሩባሽ ዘወትር እንዲህ ነው ወይስ ትፈቺዋለሽ?» አሉኝ። የሞተር ዕቃ ሻጭ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ በወፍራም ሹሩባ ላይ የተለካ ሄልሜት ጸጉር ሲፈታ ይላላል፣ የላላ ሄልሜት ደግሞ በአደጋ ጊዜ ባለቤቱን ጥሎ ይሄዳል።

እኔ የመረጥኩትን ከእጄ ተቀብለው መለሱት። እሳቸው የሰጡኝ ጉንጮቼን ጨምቆ ጥርሷን ያመማት ሴት አስመሰለኝ። ማሰሪያውን አስሬ ከኋላ ወደ ፊት እንድገፋው አዘዙኝ፤ አልወለቀም። «ስፖንጁ እየዋለ ይለሰልሳል፤ ዛሬ የሚመችሽ ከርሞ ራስሽ ላይ ይዞራል» አሉ።

ማሰሪያው ላይ የተሰፋችውን ጨርቅም አሳዩኝ። በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና ቁጥር 3 አለ፤ ያጸደቀችው ጣሊያን ናት ማለት ነው። ከሥሩ ያለው የማጽደቂያ ቁጥር በ06 ይጀምራል። ይህ ስለ ሞተር ሄልሜት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት 22ኛ ደንብ አዲሱ ማሻሻያ ሲሆን፣ ሄልሜቱ በግጭት ጊዜ የራስን መሽከርከር ምን ያህል እንደሚቀንስ ጭምር ይፈትናል። በየሱቁ የማየው «ዶት» የሚል የአሜሪካ መለኪያ ተለጣፊ ብቻውን አያሳምነኝም። መለኪያውን «አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ ተለጣፊ ደግሞ ማንም ያትማል።

ሽማግሌው ያገለገለ ሄልሜት አይሸጡም፤ ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ውስጡ ያለው ጠንካራ ነጭ ፎም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ጥቁር መስታወት ያለው ቢያምረኝም አምሽቼ ስለምሠራ መስታወቱ የጠራውን ወሰድኩ። አንድ ጉድለት አለበት፦ የአገጩ አየር ማስገቢያ ጠባብ በመሆኑ፣ በዝናብ ቸርችልን ስወርድ ትንፋሼ መስታወቱን ያደበዝዘዋል።

የቀረው ዕቃቸው ሌላ ታሪክ ነው። የጃኬቱ ትከሻና ክርን ደህና መከላከያ አለው፤ የጀርባው ግን ተራ ስፖንጅ ነው። «ቆዳ» ተብሎ የተሸጠልኝ ጓንት መዳፉ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ፣ ስፌቱም ወዲያው ተተረተረ። ሰው ሲወድቅ አስቀድሞ የሚዘረጋው እጁን አይደለምን? ስመልሰው ገንዘቤን ያለ ክርክር ሰጡኝ፤ የተሻለ ጓንት ግን የላቸውም።

ዋጋቸው መንገድ ዳር ከሚንጠለጠሉት ሦስት እጥፍ ነው፣ ቅናሽም አይወዱም። ለሄልሜት ከሆነ ይገባዋል፤ ጓንቱን ከሌላ ሱቅ ግዙ። የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ሞተር ማቆሚያ አይገኝም፣ እሳቸውም ለመለካት ፋታ የላቸውም።