ለተቆረጠ ፍራፍሬ፦ ክሎራይድ ወይስ ላክቴት?

ቆርጠው አሽገው የሚሸጡ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ፓፓያውና ማንጎው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ እንዳይላሽቅ የቱን ካልሲየም እንግዛ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ወይስ ካልሲየም ላክቴት? እኔ ላክቴት ነው የምለው።

ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሟሙተው ፍሬው ይነከርባቸዋል፤ ሥራቸውም አንድ ነው። ካልሲየሙ የፍሬውን ሴሎች አያይዞ የሚይዘውን ፔክቲን ያጠነክራል። ሴሉ ቶሎ ካልፈረሰ ቫይታሚን ሲውና ፖሊፌኖሉም (ፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ንጥረ ነገር) ቶሎ አይበላሹም። ቫይታሚን ግን አይጨምሩም፤ ያለውን ነው የሚያቆዩት።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ክሎራይድ በኪሎ በጣም ይረክሳል። በዚያ ላይ ገበያ ላይ የተለመደው ክሎራይድ ከክብደቱ 27 በመቶ ገደማ ካልሲየም ነው፤ ላክቴቱ 13 ገደማ። 10 ሊትር ውሃ ውስጥ 100 ግራም ክሎራይድ የሚሰጠውን ካልሲየም ለማግኘት ከ200 ግራም በላይ ላክቴት ይፈጃል። ስለዚህ በኪሎ ሳይሆን በባልዲ አስሉት። በባልዲም ላክቴት ይወደዳል። ግን ያ ባልዲ ስንት ሳህን ፓፓያ እንደሚያወጣ ቁጠሩና አካፍሉት፤ በሳህን የሚደርሰው ልዩነት ጥቂት ነው። ክሎራይድ ትንሽ ከበዛ ግን ምላስ ላይ መራራና ጨው ጨው የሚል ነገር ይተዋል። ደንበኛ ደግሞ አንዴ ከመረረው አይመለስም።

ክሎራይድን ያስጠላኝ ከሁሉም በላይ ገበያው ነው። ለምግብ የሚሆነውና ለፋብሪካ የሚሆነው በዓይን አይለይም፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። አንድ ነጋዴ ከጆንያ እየዘገነ በስስ ፌስታል ሸጠልኝ። ቤት ስደርስ ፌስታሉ ሥር ውሃ አቁሯል። ክሎራይድ የአየር እርጥበት ይጠጣል። ጆንያው ተከፍቶ ከከረመ በኪሎ የምትከፍሉት ለውሃም ጭምር ነው፤ በኋላ ስትመዝኑም መጠኑ ይዛባል። ክሎራይድ ካልገዛሁ የሚል ካለ ኢ 509 (የምግብ ተጨማሪ መለያ ቁጥሩ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበትን፣ ያልተከፈተ እሽግ ይግዛ። ላክቴቱ ኢ 327 ነው። ተዘግኖ የሚሸጥ ከሆነ እሱንም ተዉት።

ጾም ሲገባ «ላክቴት የወተት ነው እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። በብዛት የሚሠራው ስኳር ወይም የበቆሎ ስታርች አብላልተው ነው። ለማረጋገጥ አምራቹ የጻፈውን አንብቡ።

የጨንቻ አፕል ለምትቆርጡ ብቻ ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ካልሲየም አስኮርቤት፣ ኢ 302። ቫይታሚን ሲ በውስጡ ስላለ አፕሉ እንዳይጠቁር ይከላከላል። ዋጋው ግን ያማል። ለፓፓያና ለማንጎ አታባክኑት።

የትኛውንም ብትገዙ በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሁለት ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ፣ አጠንፍፉ፣ 5 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡ። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ብዙ የተዘፈዘፈ ፍሬ የሚፈለገውን ባልዲው ውስጥ ትቶት ይወጣል። ከመጠን በላይ የበሰለ ፓፓያ ላይ ደግሞ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። እሱን ጁስ አድርጉት።