ለማረጥ ዕድሜ ደሴ ላይ ያገኘኋት የሴቶች ክሊኒክ

ክሊኒኳ ትንሽ ናት። ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከሥሩ መድኃኒት ቤት ያለበት ፎቅ ላይ ናት። እኔ የምኖረው ሐይቅ ነው፤ አስተማሪ ነኝ፣ 48 ዓመቴ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጉዤ እዚያ ድረስ የምሄደው ለአንዲት ሐኪም ብዬ ነው። እኩዮቼ ሁሉ እንዲያውቋት እፈልጋለሁ።

የወር አበባዬ መዛባት ከጀመረ ከረመ። አንዴ በ20 ቀን ይመጣል፣ አንዴ ሦስት ወር ድምፁ ይጠፋል። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ ውጭው ብርድ ሆኖ እኔ ጋቢውን ገፍትሬ መስኮት እከፍታለሁ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ከደረቴ ሙቀት ይነሳና ፊቴን ያቀላዋል፣ የምናገረውም ይጠፋኛል። ቀድሜ የሄድኩበት ሌላ ቦታ ወባ መረመሩኝ፣ የጨጓራ መድኃኒት ጻፉልኝ፣ «ዕድሜ ነው» ብለው ሸኙኝ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ረመዳን ነው። ጾሜን ይዤ ውዬ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አስር፣ ሲቃረብ ደም ይታየኛል፤ የዋልኩት ጾም ይፈርሳል። ጠራሁ ብዬ ታጥቤ ስሰግድ በማግስቱ ይመለሳል። ቀዳዬ፣ ማለትም ኋላ የምከፍለው ያለፈኝ ጾም፣ ተጠራቅሞ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ የእሷም ጭንቀት ከእኔው አይለይም፤ ደሙ መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ ከቅጥሩ ውጭ ሆና ተሳልማ ትመለሳለች። ሁለታችንም ይህን ለሐኪም የሚነገር ነገር አድርገን አናየውም ነበር። ዶክተሯ ግን «ጾምና ሶላቱ እንዴት እየሆነልዎ ነው?» ብላ ራሷ ጠየቀችኝ። ስነግራት «የጾሙን ፍርድ ሼኾቹን ይጠይቁ እትዬ፤ የደሙን ምክንያት ግን እዚህ እንፈልገዋለን፣ አብሽሩ» አለችኝ። ደም ያየሁባቸውን ቀኖች በእኛው አቆጣጠር በደብተር እንድጽፍ አደረገችኝ። ያው ደብተር ለእሷም ለሼኹም ጠቀመ፤ ቀኖቹን ቆጥረው የወር አበባውን ከሌላው ደም ለይተው ነገሩኝ።

አመራመሯን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። ደሙ ስንት ቀን ይቆያል፣ በቀን ስንት ሞዴስ እቀይራለሁ፣ የረጋ ደም አለው ወይ፣ እንቅልፌ እንዴት ነው፣ ልቤ ይመታል ወይ፣ እናቴ በስንት ዓመቷ አረጠች፣ ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ ያመኛል ወይ። የመጨረሻውን ስትጠይቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን ዘግታ ነው። እንደሚያመኝ ነገርኳት። ከማረጥ ጋር የሚመጣ የብልት ድርቀት እንደሆነ፣ ማለስለሻ እንዳለው፣ ካልበቃም በውስጥ የሚቀባ አነስተኛ የሆርሞን ክሬም እንዳለ አስረዳችኝ። ይህን ስንት ሴት ለብቻዋ ተሸክማ ትኖራለች!

ከዚያ ግፊትና ስኳር ለካች፣ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አዘዘች፣ አልትራሳውንድ አየች። የእርግዝና ምርመራም ጨመረች፤ በዚህ ዕድሜ የወር አበባ መጥፋት ሁልጊዜ ማረጥ አይደለምና። የእንቅርት በሽታም ላብና የልብ ምት ያመጣል፣ ደም ማነስም ያደክማል፤ ሁሉን ማረጥ ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው አለችኝ። የእኔ ደም ማነስ እዚያው ተገኘ። የማረጥ ሆርሞን እንድትለካልኝ ስጠይቃት ግን እምቢ አለች። ከ45 ዓመት በላይ ላለች ሴት ምልክቱ ራሱ ይበቃል፤ ሆርሞኑ ዛሬ ወጥቶ ነገ ስለሚወርድ የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ አይነግርም አለችኝ። ገንዘቤን አዳነችልኝ፣ እምነቴንም ያገኘችው እዚህ ላይ ነው።

ማረጥ የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳይታይ ሲያልፍ ነው፤ ብዙዎች ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይደርሱበታል። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው የሚያናውጡት። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ቀስ ብሎ አይወርድም፣ እንደ ሐምሌ ወንዝ አንዴ ሞልቶ አንዴ ይጎድላል፤ በአንጎል ውስጥ ሙቀትን የሚቆጣጠረው ክፍልም በትንሹ ይደነግጣል። በእነዚህ ዓመታት እርግዝናም ገና ይቻላል፦ ከ50 በታች የሆነች ከመጨረሻው ደም በኋላ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ የሆነች አንድ ዓመት መከላከያዋን እንዳትተው ነገረችኝ።

ስለ ሆርሞን ሕክምና ስንነጋገር አላስፈራራችኝም፣ አልገፋፋችኝምም። ማህፀኗ ያለ ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም፣ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን አብሮ ይሰጣታል፤ የማህፀኑ ግድግዳ እንዳይወፍርና ወደ ካንሰር እንዳያመራ ነው። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት የነበረባት አትወስደውም። ከ60 ዓመት በታች ለሆነችና ምልክቱ ለጠናባት ጤነኛ ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙ ያመዝናል። ሆርሞን ለማይስማማት፣ ሙቀቱን የሚቀንሱ ከድብርት መድኃኒቶች ወገን የሆኑ አማራጮች አሉ። ለእኔ በብረት እንክብል ጀመርን። ቡናውን አልከለከለችኝም፤ አቦልና ቶናውን ጠዋት ጠጥቼ የማታውን እንድተው መከረችኝ፤ ለኔ ሠርቶልኛል፣ እንቅልፌ ተመለሰ። ለአጥንቴ ወተትና ጎመን እንዳበዛ፣ ፀሐይ እንድሞቅ፣ በእግሬ እንድሄድም ነገረችኝ።

የክሊኒኳን ጉድለቶች ልደብቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ከሐኪሟ ጋር አይመጣጠኑም። ካርድ የምታወጣው ልጅ ሰው በተሞላበት መጠበቂያ ክፍል ጮክ ብላ «ምንዎትን ነው የሚያምዎት?» ትላለች። አጠገቤ የተቀመጡት የሚስቶቻቸውን ተራ የሚጠብቁ ወንዶች ነበሩ፤ አንዷ እናት መልስ ሳትሰጥ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አይቻለሁ። አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ይቻላል፣ ምንም አያስወጣም። የእንቅርቱ የደም ውጤት በዕለቱ ስለማይደርስ ከሩቅ ለሚመጣ ሁለተኛ መንገድ ነው። ክፍያውም እየተቆራረጠ ስለሚመጣ፣ ካርዱ ቀላል መስሎ አልትራሳውንዱና ላቦራቶሪው ሲደመር ይከብዳል፤ ጠቅላላውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዶክተሯ የጻፈችልኝን ክሬምም ከሥር ካለው መድኃኒት ቤት አጣሁት፣ ሸዋ በር ድረስ ወርጄም አላገኘሁትም። ይኼ የክሊኒኳ ጥፋት ባይሆንም፣ የት እንደሚገኝ አጣርተው ቢነግሩን ትልቅ እርዳታ ነው።

እንደዚያም ሆኖ እህቴን ወስጄያታለሁ፣ ጎረቤቴም ሄዳለች። በማለዳ ሂዱ፣ የገበያ ቀን ተራው ስለሚረዝም ሌላ ቀን ምረጡ። ሴቷን ዶክተር ብላችሁ አስመዝግቡ። ቀኖቹ የተጻፉበትን ደብተርና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አርጣችሁ ዓመት ካለፋችሁ በኋላ ጠብታም ቢሆን ደም ካያችሁ፣ ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ከፈሰሳችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።