1 በመቶው ደምቆ፣ ሌላው ተድበስብሶ፦ የአንድ የግብር አማካሪ አገልግሎት

የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ ነኝ። ደንበኞቼ አራት አገር ተበትነዋል። መሥሪያዬ ላፕቶፕና የሥዕል ታብሌት ብቻ ነው። እንደኔ ያለውን ሰው አገሮች በግብር ቅናሽ እየተሻሙበት ነው። የቱ እንደሚያዋጣኝ ለማወቅ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የኦንላይን አማካሪ ጋ ከፍዬ ተመዘገብኩ።

ማነጻጸሪያ ሰንጠረዡን ወድጄዋለሁ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለሠዓሊና ለደራሲ የግብር እፎይታ እንደምትሰጥ ያወቅኩት ከዚያ ነው። ተቀባይነት ያገኘ የፈጠራ ሥራ በዓመት እስከ 50,000 ዩሮ ድረስ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ደስ አለኝ፤ ሥዕልን እንደ ሥዕል የቆጠረ ሕግ ብርቅ ነው። ለማስታወቂያ የሚሠራ ሥዕል ግን አይካተትም። ከገቢዬ ግማሹ የብስኩት ማሸጊያ ነው፤ ይህን ሰንጠረዡ አልነገረኝም።

የጆርጂያ ገጽ ላይ "1 በመቶ" የሚለው በትልቁ ተጽፏል። እውነት ነው፤ አነስተኛ ነጋዴ ተብሎ የተመዘገበ ግለሰብ እስከ 500,000 የጆርጂያ ላሪ ዓመታዊ ሽያጭ ድረስ የሚከፍለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው፤ በየወሩም ማሳወቅ ግድ ነው። ይህ በትንንሽ ፊደል ከታች ተወሽቋል።

የፖርቱጋል ገጽ ደግሞ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከውጭ ለሚመጡ ነዋሪዎች የተጀመረው ዝነኛው የግብር ቅናሽ ከ2024 ጀምሮ፣ ከሽግግር ጊዜው በቀር፣ ለአዲስ መጤ ተዘግቷል። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አንቶኒዮ ኮስታ የቤት ዋጋን ያንራል ብለው ነበር ያስቆሙት። የአገሬው ሰው ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ቅናሹ ዕድሜ እንደማይኖረው ለደንበኛ መንገር የአማካሪ ሥራ ነው። ሰው ኑሮውን ነቅሎ የሚሄደው በዚህ ተማምኖ ነዋ!

ከሁሉም የከፋኝ ቻቱ ነው። "የምለቀው አገርስ ግብር አይጠይቀኝም?" ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፦ "በዓመት ከ183 ቀን በታች ከቆየሽ ችግር የለም።" ልክ አይደለም። ብዙ አገሮች ቀን ብቻ አይቆጥሩም፤ ቤትሽ፣ ባልሽ፣ ልጅሽ የት እንዳሉም ያያሉ። ባለቤቴና ልጄ ደግሞ እዚሁ ናቸው። ይህን ምክር አምኜ ብሄድ ኖሮ ለሁለት አገር እጠየቅ ነበር።

ለሰንጠረዡ ከሆነ የአንድ ወር ክፍያ ይበቃል። ለምክሩ ግን አልከፍልም። ኋላ ላይ ሰፈሬ ያለ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ የጠየቀኝ "ልጅሽ የት ነው የምትማረው?" ብሎ ነው።