የ2 ዓመት ወይስ የ30 ዓመት ቦንድ? የወለድ መጠን ለሚያሳስበው ገዢ የቀረበ ንጽጽር

የአሜሪካ መንግሥት የሚሸጣቸው የ2 ዓመትና የ30 ዓመት ቦንዶች ከፋያቸው አንድ የፌዴራል ግምጃ ቤት ነው፤ ሁለቱንም በ100 ዶላር መጀመር ይቻላል፤ ወለዳቸውም ከክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ነፃ ነው። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው የገበያው ወለድ ሲለወጥ ነው።

በ4 በመቶ የተገዛ ቦንድ እስከ መክፈያው ቀን ድረስ 4 በመቶ ይከፍላል። አዲስ የሚወጡ ቦንዶች 5 በመቶ መክፈል ከጀመሩ ግን አሮጌውን በሙሉ ዋጋው የሚገዛ ስለማይኖር፣ መሸጥ የፈለገ ሰው የጎደለውን ወለድ ለቀሩት ዓመታት ሁሉ አስቦ ከዋጋው መቀነስ ይኖርበታል። በዚህ ስሌት ገና የተገዛ የ1,000 ዶላር ቦንድ የ2 ዓመት ከሆነ ወደ 981 ዶላር፣ የ30 ዓመት ከሆነ ደግሞ ወደ 846 ዶላር ገደማ ይወርዳል። ወለዱ ወደ 3 በመቶ ቢቀንስ በተቃራኒው የመጀመሪያው ወደ 1,019፣ ሁለተኛው ወደ 1,196 ዶላር ይወጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ከዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ ሲያደርሰው፣ የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንዶች ከሩብ በላይ ዋጋቸውን አጡ። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በመጋቢት 2023 የወደቀው አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲጠይቁት፣ መንግሥት ዋስትና የሰጣቸውን ሰነዶች ሳይቀር በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ለመሸጥ በመገደዱ ነበር። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ማስረጃ ይህ ነው፤ ጉዳቱን ያመጣው ተበዳሪው አለመክፈሉ ሳይሆን ሻጩ የመክፈያውን ቀን መጠበቅ አለመቻሉ ነውና።

የአጭር ጊዜው ቦንድም የራሱ ስጋት አለው። በ2018 መጨረሻ 2.5 በመቶ ገደማ የሚከፍል የ2 ዓመት ቦንድ የገዛ ሰው፣ በ2020 መጨረሻ ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት በተመሳሳይ ቦንድ ሊያገኝ የሚችለው ወለድ ከ0.2 በመቶ በታች ነበር። የ30 ዓመት ገዢ ከዚህ ይድናል፤ በምትኩ የዋጋ ንረት ቋሚ ወለዱን እየሸረሸረበት ረጅም ዘመን ይቆያል።

ስለዚህ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ለቤት ቅድመ ክፍያ ወይም ለልጅ የኮሌጅ ክፍያ የሚፈለግ ገንዘብ፣ የረጅሙ ወለድ ከፍ ቢል እንኳ፣ በ2 ዓመቱ ቦንድ ላይ መዋል አለበት። የ30 ዓመቱን የምመክረው ለጡረታ ዘመኑ ቋሚ ገቢ ለሚሻና ዋናውን ሳይነካ ለመቆየት ለሚችል፣ ለእርሱም ለቁጠባው ከፊል ብቻ ነው። ወለድ ይወርዳል በሚል ግምት ብቻ መግዛቱን ግን አልደግፍም።

ቦንዱን በፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ ብዙ ቦንዶችን በሚገዛ ድርጅት በኩል የሚገዛ ሰው፣ አብዛኞቹ ፈንዶች ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት የተቆረጠ ቀን እንደሌላቸው ማወቅ አለበት። ከመግዛቱ በፊት ፈንዱ የሚያሳውቀውን ዱሬሽን የሚባል ቁጥር ይመልከት፤ ቁጥሩ 6 ከሆነ፣ ወለድ በ1 በመቶ ነጥብ ሲጨምር የፈንዱ ዋጋ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።